የእማማ ያለምወርቅ ሁለተኛ ሞት

አቃቂ ውስጥ የአቶ ተስፋሚካኤልን ቤት የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። አባታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ እሳቸው ከአንዲት የእህል ወፍጮ ተነሥተው የዱቄት ፋብሪካ አቆሙ። የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሊቀመንበር ናቸው። ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ ወንድማማቾች በአጥር ሲካሰሱ ለሽምግልና የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰጋሽ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ የሰማ የለም። አንድ ልጃቸው እድላዊት ሕክምና ተምራ በአንድ የግል ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች።

ስለ ወይዘሮ አሰጋሽ ጎረቤቱ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር ቢኖር እናታቸውን በልጅነታቸው በሞት ማጣታቸውን ነው። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ለእናታቸው መታሰቢያ ያደርጋሉ። ካህኑ የእናትየዋን የክርስትና ስም ጠርተው ጸሎት ያደርሳሉ፤ ግቢው ውስጥ ድንኳን ይጣላል፤ የሰፈሩ ደሃ በልቶ ጠጥቶ መርቆ ይሄዳል። ይህ መታሰቢያ ሠላሳ ሦስት ጊዜ ተደርጓል። በሠላሳ ሦስቱም ጊዜ እናትየዋ በሕይወት ነበሩ።

ይህንን ከባልና ሚስቱ ውጭ ቀድማ ያወቀችው አለሚቱ ናት።

አለሚቱ የተወለደችው ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ኮንዶሚኒየሙ ከመሠራቱ በፊት። አባቷ ጤፍ ይዘሩበት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃዎች ተደርድረዋል። ቂሊንጦ ፋብሪካ ውስጥ ስትሠራ ቆይታ በወገብ ሕመም ወጣች፤ ሥራ ፍለጋ ላይ እያለች አንድ ደላላ ወይዘሮ አሰጋሽ ዘንድ ወሰዳት። ይህ ከሆነ ሰባት ዓመት አልፎታል።

«ሴትዮዋ ድሮ እናቴ ቤት ሠራተኛ ነበሩ» አሏት ወይዘሮ አሰጋሽ። «ሰው የላቸውም። ታመው ነበር፤ አሁን ድነዋል። እጃቸውን ስታዪ እንዳትደነግጪ።»

አለሚቱ አልደነገጠችም። የሴትዮዋ የሁለቱም እጅ ጣቶች አጥረው ጫፋቸው ጠፍቷል፤ ቅንድብ የላቸውም፤ ግራ እግራቸው ወደ ውስጥ ዞሯል። የሥጋ ደዌ የጣለባቸው ምልክት ነበር። እማማ ያለምወርቅ ብላ ጠራቻቸው፤ እሳቸውም አለሜ አሏት። ቤቱ ግራውንድ ላይ ያለ ባለ አንድ መኝታ ነው። አለሚቱ ሳሎኑ ውስጥ ፍራሽ ዘርግታ ትተኛለች፤ ማታ ሲጸልዩ ያቆይልኝ ሲሉ ትሰማለች፣ ማንን እንደሆነ ግን አይናገሩም።

ወይዘሮ አሰጋሽ በየሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይመጣሉ። ሾፌሩ መኪናውን ብሎኩ ፊት ለፊት ያቆማል፤ ዘንቢልና ከረጢት ይወርዳል። እማማ ያለምወርቅ በር ላይ ቆመው፣ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው፣ «እመቤቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እግዜር ልጅዎን ያሳድግልዎ» ይላሉ። ወይዘሮ አሰጋሽም «እንዴት ሰነበቱ እማማ፣ ይግቡ ይግቡ፣ ብርድ እንዳይመታዎ» ይላሉ። ጎረቤቶቹ በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጡ ይህንን ያያሉ። ፊት ለፊት ያለችው ኡሙልኸይር፣ በሱቋ የታወቀች ሴት፣ «እንዲህ ያለ ሀብታም ቢበዛ አገር ይለወጥ ነበር» ትል ነበር።

በሁለተኛው ዓመት አንድ እሑድ አለሚቱ ገበያ ልትሄድ ወጥታ ከረጢት ረስታ ተመለሰች። መኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል።

«ለምንድነው የማትበይው ግን? ከስተሻል እኮ» ሲሉ ወይዘሮ አሰጋሽን ሰማች።

አለሚቱ ባለችበት ቆመች። ያቺ ለጥበቃው እንኳ አንቱ የምትል ሴት፣ የሰማንያ ዓመት አሮጊት አንቺ ስትል መስማት ለጆሮዋ ከበዳት። ንቀት መሰላት። ከዚያ የእማማ ያለምወርቅ ድምፅ መጣ፤

«አሰጊ፣ አታልቅሺ። ፊትሽ አብጦ እንዴት ልትወጪ ነው?»

«እማዬ፣ ደከመኝ።»

አለሚቱ ከረጢቱን ሳታነሣ ወጣች። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ወይዘሮ አሰጋሽ ጥቁር መነጽራቸውን አድርገው ወጡ፤ «እማማን አደራ» አሏት፤ መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እማማ ያለምወርቅ ራሳቸው አነሡት። «ሰምተሻል አይደል? እግርሽን አውቀዋለሁ፤ ገብተሽ ወጣሽ።»

«ሰምቻለሁ።»

«በይ ማይልኝ፤ ከዚያ እነግርሻለሁ።»

አለሚቱ ማለች። እማማ ያለምወርቅም ነገሯት። ቡልጋ ውስጥ ጥሩ ቤት ነበራቸው። አሰጋሽ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ገላቸው ላይ ነጭ ነገር ወጣ። ባላቸው መጀመሪያ ማዕድ ለየ፣ ቀጥሎ ቤት ለየ። ልጆች አሰጋሽን ከምንጩ በድንጋይ አባረሯት፤ ጎረቤት እሳት አላበድር አለ። አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ የምትሠራው የእማማ ያለምወርቅ እኅት መጥታ ልጅቱን ወሰደች፤ ሰው ሲጠይቃት «እናቷ ሞታለች» አለች።

«ደግ አደረገች» አሉ እማማ ያለምወርቅ። «እንዲያ ባትል ልጄን ማን ይጠጋት ነበር?»

እሳቸው አዲስ አበባ ታክመው ዳኑ። ጣት ግን አይመለስም፤ አገርም አይመለሱም። እንደሳቸው ከዳኑ ሰዎች ጋር ጥጥ እየፈተሉ፣ ሲብስም በየደጀ ሰላሙ እየተቀመጡ ዕድሜያቸውን ገፉ። ልጃቸው አቃቂ እንደምትኖር ያውቁ ነበር፤ ቤቷን ግን አያውቁትም ነበር። የሰርጓ ዕለት መንገድ ማዶ ተቀምጠው ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ አይተዋል። አለሚቱ ከመቀጠሯ በፊት በነበረው ኅዳር ላይ ደግሞ ጓደኞቻቸው «አቃቂ አንድ ሀብታም ቤት መታሰቢያ አለ» ብለው ሲሄዱ አብረው ሄዱ። የማን ቤት እንደሆነ የገባቸው ድንኳኑ ውስጥ ከተቀመጡ በኋላ ነው። ወይዘሮ አሰጋሽ ራሳቸው ወጥ እያወጡ ሲያልፉ እፊታቸው ደርሰው ቆሙ። ጭልፋው ከእጃቸው ወደቀ።

«የራሴን ተዝካር በላሁ» አሉ እማማ ያለምወርቅ፣ ከንፈራቸውን ወደ አንድ ወገን ሸፈፍ አድርገው እየሳቁ። «ወጡ ጥሩ ነበር።»

ወይዘሮ አሰጋሽ እስከዚያች ቀን እናታቸው ትኑር ትሙት አያውቁም ነበር። በሳምንቱ ለባላቸው ተናገሩ። አቶ ተስፋሚካኤል ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ ቱሉ ዲምቱ ያለውን ቤት እሳቸው ገዙ፤ ሠራተኛ የነበሩ ሴት ናቸው የሚለውን ታሪክም እሳቸው አወጡ። ክፋት አልነበረባቸውም። እንዲህ ያለ በሽታ ዘር ይከተላል ብሎ የሚያምን ሰው ዛሬም እንደሚበዛ ያውቃሉ፤ ሴት ልጅ አለቻቸው።

አምስት ዓመት በዚህ ሁኔታ ሄደ። አለሚቱ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ የእድላዊት ሽማግሌዎች መጡ። ልጁ ዘካሪያስ ይባላል፣ መሐንዲስ ነው፤ አባቱ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ አያቱ ደግሞ በዘር ቆጠራ የማይታለፉ ሴት ናቸው። የሁለቱም ወገን ሰባት ቤት ተቆጠረ። በወይዘሮ አሰጋሽ እናት በኩል ሲደረስ አቶ ተስፋሚካኤል «እሳቸው በልጅነቷ ነው ያረፉት፤ የታወቁ የቡልጋ ሰው ናቸው» አሉ። ይህ እውነት ያልሆነው በግማሹ ብቻ ነው። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ተቆረጠ።

ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ አሰጋሽ በየሳምንቱ መምጣታቸውን ተዉ። ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት ያልፋል። ከአማቾች ወገን አንድ ቤተሰብ ቱሉ ዲምቱ ሌላ ብሎክ ውስጥ እንደሚኖር ሰምተው ነበር።

የካቲት መጨረሻ አለሚቱ ቤቱ ውስጥ መጥፎ ሽታ ሸተታት። ፈልጋ ፈልጋ እማማ ያለምወርቅ ግራ እግር ላይ ደረሰች። ጫማቸው ውስጥ ምስማር ወጥቶ ውስጥ እግራቸውን በስቶታል፤ እግራቸው ሕመም ስለማያውቅ ስንት ቀን እንደረገጡት አልታወቀም። አለሚቱ ስልክ ደወለች።

«ቁስሉን አጥበሽ እሰሪላቸው» አሉ ወይዘሮ አሰጋሽ። «መድኃኒት እልካለሁ።»

መድኃኒቱ በሾፌሩ እጅ መጣ። ቁስሉ ግን ወደ ቁርጭምጭሚት ወጣ። አለሚቱ ደግማ ደወለች።

«እትዬ አሰጋሽ፣ ሆስፒታል ካልሄዱ አይሆንም።»

«ሆስፒታል ስም ይጠይቃል፣ ተጠሪ ይጠይቃል። እድላዊት ያለችበት ሙያ ነው፤ ሁሉም ይተዋወቃል። ትንሽ ጊዜ ነው የቀረው አለሚቱ። ሰርጉ ይለፍ፣ እኔ ራሴ እወስዳታለሁ።» «እወስዳታለሁ» ማለታቸውን ያስተዋሉ አይመስልም።

በማግስቱ አቶ ተስፋሚካኤል መጡ። በሰባት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ባርኔጣቸውን አውልቀው አልጋው አጠገብ ቆሙ፤ አለሚቱ ወንበር ብታቀርብም አልተቀመጡም።

«እማማ» አሉ፣ «ትንሽ ይታገሡን። ለልጅቱ ሲሉ።»

«እኔ ስታገሥ ነው የኖርኩት ልጄ» አሉ እማማ ያለምወርቅ። «አትሥጋ። ሰርጉ እስኪያልፍ አልሞትም።»

አቶ ተስፋሚካኤል ጎንበስ ብለው የእማማ ያለምወርቅን ጉልበት ሳሙ። ከዚህ በፊት አድርገውት አያውቁም። ወጥተውም መኪናቸው ውስጥ ሞተር ሳያስነሡ ለረጅም ጊዜ ተቀመጡ። ግን ሐሳባቸውን አልለወጡም።

አለሚቱ ሦስት ቀን ጠበቀች። በሦስተኛው ቀን እማማ ያለምወርቅ ትኩሳት ያዛቸው፤ መቃዠት ጀመሩ። አለሚቱ ቤቱን ለኡሙልኸይር አደራ ብላ በሚኒባስ ሳሪስ ድረስ ሄደች፤ ከዚያ ሌላ ይዛ እድላዊት የምትሠራበት ሆስፒታል ገባች። እድላዊትን በፎቶ ብቻ ነው የምታውቃት። ነጭ ጋውን ለብሳ ከክፍል ስትወጣ ግን አልተሳሳተችም፤ አንዲት ነርስ የነገረቻት ነገር አስቋት ከንፈሯ ወደ አንድ ወገን ሸፈፍ ብሎ ነበር።

«ዶክተር፣ እኔ አለሚቱ እባላለሁ። ቱሉ ዲምቱ እናትዎ የሚጦሯቸውን ሴትዮ የማስታምመው እኔ ነኝ። እግራቸው ገምቷል። ትኩሳት አላቸው።»

«እናቴ ታውቃለች?»

«ያውቃሉ።»

«ታዲያ ለምን አላመጣቻቸውም?»

አለሚቱ መሬት መሬት አየች። «እርስዎ መጥተው ቢያዩአቸው ይሻላል» አለች።

እድላዊት ሥራዋን ጨርሳ በራሷ መኪና አብራት መጣች። ጓንት አድርጋ ቁስሉን ፈታች፤ ፊቷ አልተለወጠም። ሙቀት ለካች፣ የልብ ምት ቆጠረች። ትኩሳቱ ለጊዜው በረድ ብሎ ስለነበር እማማ ያለምወርቅ ነቅተው ያዩዋታል። ዓይናቸውን ከፊቷ አላነሡም።

«ዛሬውኑ መሄድ አለብን እማማ። የየት አገር ሰው ነዎት?»

«የቡልጋ።»

«እናቴም የቡልጋ ናት።»

«አዎ፤ ቤታቸው ነበርኩ።»

«እንግዲያው አያቴን ያውቋቸዋል። እኔ ፎቶ እንኳ አላየሁም። ምን ይመስሉ ነበር?»

«ቆንጆ ነበረች» አሉ እማማ ያለምወርቅ። «ሳቅ ታበዛ ነበር።»

«በምን ሞቱ?»

አሮጊቷ ትንሽ አሰቡ። «በወሬ» አሉና ከንፈራቸውን ወደ አንድ ወገን ሸፈፍ አድርገው ሳቁ።

እድላዊት እጇ ላይ ያለውን ፋሻ መጠቅለሏን አቆመች። አለሚቱ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ስትመለስ እድላዊት የአሮጊቷን አጭር እጅ በሁለት እጆቿ ይዛ ተቀምጣለች።

ሆስፒታል ደርሰው ካርድ ሲወጣ ጸሐፊዋ «የቅርብ ተጠሪ?» አለች። እድላዊት ስሟን ተናገረች። «ዝምድና?» ስትባል ወደ አለሚቱ ዞረች።

«እውነቱን ታውቂያለሽ አይደል?»

«እኔ ምዬአለሁ ዶክተር።»

«እሺ። ገባኝ» አለች እድላዊት። ወደ ጸሐፊዋ ተመልሳም «የልጅ ልጅ» አለች።

ወይዘሮ አሰጋሽ ማታውኑ ደረሱ። እናትና ልጅ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ መስኮት ሥር ቆመው ተነጋገሩ፤ አለሚቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ሰማች።

«ለምን ደበቅሽኝ?» አለች እድላዊት። «እኔ ሐኪም ነኝ። በሽታው ከዳነ አርባ ዓመት አልፎታል። በዘርም አይተላለፍም እማዬ።»

«ይህንን ለኔ አትንገሪኝ። ለዘካሪያስ አያት ንገሪ።»

«እነግራለሁ።»

«አንቺ ከመጽሐፍ ነው የምታውቂው» አሉ ወይዘሮ አሰጋሽ፤ ድምፃቸው እንደ ወትሮው ዝቅ ያለ ነበር። «እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እንስራ ይዤ ምንጭ ስወርድ ድንጋይ ወረወሩብኝ። አባቴ የበላሁበትን ሳህን ሰበረው። አክስቴ አቃቂ አምጥታ ገላዬን በየሳምንቱ በፀሐይ ላይ ትፈትሸው ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ እኔም ስፈትሸው ኖርኩ። አንቺ ስትወለጂ መጀመሪያ ያየሁት ፊትሽን አይደለም፣ ቆዳሽን ነው።»

«ሠላሳ ዓመት ሞተች ስል ነበር» ቀጠሉ ወይዘሮ አሰጋሽ። «ስትመጣ አለች ማለት አቃተኝ። በቃ፣ ይኸው ነው።»

የደም መመረዙ ከመድኃኒቱ ቀድሞ ነበር። እማማ ያለምወርቅ አምስት ቀን ቆዩ። በአራተኛው ቀን ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ እድላዊትን ጠሯት። «ከሰርግሽ በፊት አንዳች እንዳታወሪ» አሏት። «የናትሽን ፊት አታሳጪያት። ብዙ ለፍታበታለች።» እድላዊት እሺ አለች። አለሚቱንም አይዞሽ አሏት። ልጃቸውን አልጠሩም፤ ወይዘሮ አሰጋሽ ግን ሌሊቱን እግራቸው ሥር ተቀምጠው አደሩ፤ እማማ ያለምወርቅ ሐሙስ ጠዋት በልጃቸው እጅ ላይ አረፉ። ነርሷ ስትገባ ወይዘሮ አሰጋሽ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

አስከሬኑ ቱሉ ዲምቱ ገባ። የብሎኩ ዕድር ድንኳን ተከለ። ፍራሹ ላይ፣ የባለ ሐዘን ቦታ ላይ፣ አለሚቱ ተቀመጠች፤ ሌላ ሰው አልነበረማ። ከልቧ አለቀሰች። ኡሙልኸይር ሱቋን ዘግታ ንፍሮ ቀቀለች፣ ውሃ አመላለሰች። እድላዊት ከሥራ ፈቃድ ወስዳ መጣችና አለሚቱ አጠገብ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች፤ ሰው የሐኪም ርኅራኄ መሰለው።

ዓርብ ቀብሩ ከመውጣቱ በፊት አቶ ተስፋሚካኤልና ወይዘሮ አሰጋሽ ደረሱ። ፊት ለፊት የክብር ወንበር ተሰጣቸው። የዕድሩ ሰብሳቢ አቶ ቀናው፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ የሟቿን አጭር ታሪክ ከወረቀት አነበቡ። ወረቀቱ ግማሽ ገጽ አይሞላም። በመጨረሻም ቀና ብለው፣

«ዘመድ የሌላቸውን እናት ሰባት ዓመት እንደ ወላጅ እናታቸው የጦሩትን ወይዘሮ አሰጋሽን በዕድሩ ስም እናመሰግናለን» አሉ።

ሕዝቡ የምስጋና ድምፅ አሰማ። ወይዘሮ አሰጋሽ ከመቀመጫቸው ትንሽ ብድግ ብለው እጅ ነሡ። እድላዊት እናቷን ታያለች። አለሚቱ የእድላዊትን ክንድ ያዘች። እድላዊት ለአያቷ እሺ ብላለችና አልተናገረችም።

መቃብሩ አፋፍ ላይ ወይዘሮ አሰጋሽ ጃንጥላ ይዘው ቆሙ። ባላቸው ክርናቸውን ደግፈዋል። አፈሩ ሲመለስ ዓይናቸው ደረቅ ነበር። ከዚያ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ቅዳሜ የዘካሪያስ እናት ለሰርጉ ነገር ወይዘሮ አሰጋሽ ዘንድ መጡ። የአዳራሽ ጉዳይ፣ የሚዜ ልብስ ጉዳይ ተወራ። ወይዘሮ አሰጋሽ ሁሉንም እሺ አሉ። እንግዳዋ ሊወጡ ሲሉ «ፊትሽ ልክ አይደለም ዛሬ» አሏቸው። «ራሴን አሞኝ ነው» ብለው እስከ በር ሸኟቸው። ይህንን በኋላ ለአለሚቱ የነገሯት ወይዘሮ አሰጋሽ ራሳቸው ናቸው። በሩን ዘግተው ሲመለሱ መተላለፊያው ላይ ባለው መስተዋት ፊታቸውን አዩት፤ እንግዳ ለመሸኘት የሳቁት ሳቅ ገና አልወረደም ነበር። እጃቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አወረዱት። ከዚያ እስኪመሽ ድረስ ከመኝታ ቤት አልወጡም።

እሑድ ሠልስት ነው። አቶ ተስፋሚካኤል ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። ወይዘሮ አሰጋሽ ጥቁር ቀሚስ ለበሱ፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ደረቡ፣ በግቢው በር ወጡ። ሾፌሩ «እትዬ፣ መኪና ላውጣ?» ቢላቸው አልመለሱለትም። ቃሊቲ ድረስ በእግራቸው ሄደው የቱሉ ዲምቱ ሚኒባስ ተሳፈሩ። ከተጋቡ ወዲህ ሚኒባስ ተሳፍረው አያውቁም፤ ረዳቱ ወራጅ አለ ወይ ሲል ምን እንደሚባል ጠፍቷቸው አንድ ፌርማታ አልፈው ወረዱ።

ድንኳኑ ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ነበሩ። ወይዘሮ አሰጋሽ ሲገቡ ሁሉም ሊነሡላቸው ተንቀሳቀሱ፤ አቶ ቀናው ወንበር አነሡ። እሳቸው ወንበሩን አልፈው በቀጥታ ወደ ፍራሹ ሄዱ።

«አለሚቱ» አሉ፣ «ቦታውን ልቀቂልኝ።»

አለሚቱ ብድግ አለች። ወይዘሮ አሰጋሽ ጫማቸውን አውልቀው በእሷ ቦታ ተቀመጡ። እድላዊት አጠገባቸው ነበረች።

«እናቴ ናት» አሉ ወይዘሮ አሰጋሽ። ያልሰሙ ሴቶች ወደ ፊት ሰገግ ሲሉ ደገሙት። «ያለምወርቅ እናቴ ናት። የወለደችኝ እናቴ ናት። በር ላይ ቆማ እመቤቴ ስትለኝ ዝም ያልኩ እኔ ነኝ።»

አንዲት ሴት ወደ ጎረቤቷ ዞር ብላ የሆነ ነገር አንሾካሾከች። አቶ ቀናው ያነሡትን ወንበር እንደያዙ ቀሩ።

ከዚያ ኡሙልኸይር ሰሐኗን አስቀምጣ መጣች። ፍራሹ ፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እንግዲያው ለአንቺ አላለቀስንልሽም» አለች።

የወይዘሮ አሰጋሽን አንገት አቅፋ ጮኻ ማልቀስ ጀመረች። ሌሎቹም ተከተሏት፤ ሁለት ቀን የተለቀሰው ልቅሶ ከመጀመሪያው እንደገና ተነሣ። ወይዘሮ አሰጋሽ ጮኹ። በሰፈራቸው ማንም ሰምቶት የማያውቀው ድምፃቸው ከብሎኩ አልፎ ዋናው መንገድ ድረስ ተሰማ። ለሐዘን የሚባለውን ሙሾ አያውቁትም፤ «እማዬ፣ እማዬ» ብቻ ነበር የሚሉት። አቶ ተስፋሚካኤል ከቀትር በኋላ ሁለት የሰበካ ጉባኤ አባላት አስከትለው መጡ። ማን እንደነገራቸው አልታወቀም። ከወንዶቹ ጋር ተቀመጡ፤ ሰው ሲመጣ ተነሥተው እንደ አማች «እግዜር ያጥናችሁ» ተባሉ።

ወሬው ሳምንት ሳይሞላው አቃቂን አዳረሰ። ወይዘሮ አሰጋሽ የፈሩት ሁሉ አልሆነም፤ ሁሉም ግን አልቀረም። የፋብሪካው ዱቄት እንደ ድሮው ይሸጣል። አቶ ተስፋሚካኤልም ከሰበካ ጉባኤው ውረዱ ያላቸው የለም፤ ለሽምግልና የሚጠራቸው ሰው ግን ቀነሰ። በሴቶች ማኅበር ላይ ሁለት ሴቶች ወይዘሮ አሰጋሽ የቆረሱትን ዳቦ አልቀምስም ብለው ሳህናቸውን ገፉ። ወይዘሮ አሰጋሽ አይተው ዝም አሉ። ማኅበሩን ግን አልተዉም።

የዘካሪያስ ወገኖች ሽማግሌ ላኩ። «ሐዘን ላይ ሰርግ አይሆንም፤ ለጊዜው ይቆይ» አሉ። አዲስ ቀን ግን አልተቆረጠም። ዘካሪያስ ራሱ ሁለት ጊዜ መጣ። በሁለተኛው ጊዜ «አያቴን እስካሳምን ጊዜ ስጪኝ» አላት። እድላዊት ሰጠችው። ከዚያ ስልክ መደወሉ እየራቀ ሄደ፤ ሰኔ ላይ ቆመ። እድላዊት ክፉኛ አዘነች፤ ሆኖም አንድም ቀን ከሥራዋ አልቀረችም። እናቷ ይኸው አላልኩሽም ወይ አላሏትም። እሷም አልተጸጸትኩም ለማለት አልቸኮለችም፤ ሰው ሲጠይቃት «ቀረ» ትላለች።

ሐምሌ ላይ ወይዘሮ አሰጋሽ ቱሉ ዲምቱ መጡ። ቤቱን ለአለሚቱ ሊተዉላት ወስነዋል፤ የእናታቸውን ዕቃ ለመለየት ነው የመጡት። ዕቃው ብዙ አይደለም። ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ጋቢ፣ ለእግራቸው ተብሎ የተሠራ ጫማ፣ አንዲት ትንሽ የመድኃኒት ሳጥን። ዝናብ መስኮቱን ይመታል። ወይዘሮ አሰጋሽ ቀሚሶቹን አጣጥፈው ጨረሱና አልጋው ላይ ተቀመጡ።

«አለሚቱ፣ እኔ የማውቃት ለሁለት ለሁለት ሰዓት ነው» አሉ። «ምን ትወድ ነበር?»

አለሚቱ አሰበች። «ኳስ» አለች።

«ምን?»

«ኳስ ይወዱ ነበር። ኡሙልኸይር ቤት ቴሌቪዥን አለ፤ ጨዋታ ሲኖር ደግፌ እወስዳቸዋለሁ። ዳኛውን ሲሰድቡት የኡሙልኸይር ባል ከሳቅ የተነሣ ወንበሩ ላይ መቀመጥ ያቅተዋል።»

ወይዘሮ አሰጋሽ አለሚቱን ትኩር ብለው አዩዋት፤ እየቀለደች እንደሆነ ለማወቅ።

«ማንን ነበር የምትደግፈው?»

«ቀይ የለበሰውን። ማንም ይሁን፣ ቀይ ከለበሰ።»

«ቀይ ከለበሰ» አሉ ወይዘሮ አሰጋሽ። ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን አልጋው ላይ ሰበሰቡ። «ተቀመጪ እስቲ። ሌላስ?»